የሥራ ገበታና የከያኒው እጅ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ብራና ላይ ሲጽፍ የኖረው ቁም ጸሐፊ ጠረጴዛ አልነበረውም። ገበታው ጉልበቱ ነበር። ብራናው በጉልበቱ ላይ ይዘረጋል፤ የሚገለበጠው መጽሐፍ ዐይን በሚደርስበት ስፍራ ይቀመጣል፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም የተሞሉት ሁለት ቀንዶች ሹል ጫፋቸው መሬት ላይ ተተክሎ ከእጁ አጠገብ ይቆማሉ። ጥቁሩ ለዘወትሩ ጽሑፍ፣ ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን መቀመጫቸው ባደረጉበትና «መጽሐፈ ብርሃን»ን የመሰሉ በንጉሡ ስም የሚታወቁ ድርሰቶች በተስፋፉበት ዘመን የጽሕፈት ሙያ የቆመው እንዲህ ባለ ገበታ ላይ ነው። ጸሐፊው ቀለም ለመንከር ዐይኑን ከመስመሩ አያነሣም፤ እጁ ቀንዱ ያለበትን ያውቀዋልና።

የዕቃ አቀማመጥ ተራ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከያኒው ስለ ሥራው የሚያስብበትን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ነገር ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ለመሆኑ የሥራን ገበታ የሚያደራጀው ማን ነው? ሠሪው ነው ወይስ መሣሪያውን ያበጀው?

በ1932 እ.ኤ.አ. አንኮበር ላይ የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለዚህ ጥያቄ በቤት መልስ የሰጡ ሰው ናቸው። በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ እርሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል የሚተርከውን የመስታወት ሥዕል የነደፉት እኒሁ ሰው ናቸው። እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የሠሩበትን ቪላ አልፋ የተባለውን ቤትና ስቱዲዮም ንድፍ ያወጡት ራሳቸው ነበሩ። ሠዓሊ ብሩሹን ብቻ ሳይሆን ብሩሹን የሚያነሣበትን ክፍል ጭምር ሲነድፍ፣ የሥዕሉ ሥራ ሸራው ከመወጠሩ አስቀድሞ ተጀምሯል ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለሁሉም አልደረሰም። በተለይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያቀናብረው ባለሙያ ገበታውን የሚቀበለው ከፋብሪካ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዓለም የፊልም ኤዲተር በምላጭ ቆራጭ፣ በሙጫ ወይም በፕላስተር አጣባቂ ነበር። የተቆረጡት የፊልም ቁራጮች በሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ጫፋቸው ጨርቅ በለበሰ ቅርጫት ውስጥ ይወርዳል። ቀጥሎ የመጣው የቪዲዮ ቴፕ ሁለት መኪና ጠየቀ፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል፣ ከእያንዳንዱም ጋር አንድ መመልከቻ አለ።

ዛሬ ኮምፒዩተሩን የሚከፍተው ወጣት ይህን ሁሉ ሳያውቀው ይወርሳል። በ1989 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው አቪድ፣ በ1991 የተከተለው የአዶቢ ፕሪሚየርም የአሮጌውን ክፍል ዕቃ ወደ መስታወቱ አስገቡት። በግራ ምንጩን የሚያሳየው መስኮት አጫዋቹ መኪና ነው፤ በቀኝ ውጤቱን የሚያሳየው ቀጂው ነው፤ ቁራጮች የሚከማቹበት ማኅደር እንኳ በእንግሊዝኛው እስካሁን የሚጠራው በዚያ የጨርቅ ቅርጫት ስም ነው። በ1993 የወጣው አፍተር ኢፌክትስ ፊደልና ሥዕል ለሚያንቀሳቅሰው የሞሽን ግራፊክስ ሙያ ሌላ ገበታ አመጣ፤ ሥዕሎች እንደ ድርብ ሸማ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡበትን።

መስኮቶቹ መጀመሪያ ላይ እርስ በርስ እየተሸፋፈኑ የሚያስቸግሩ ነበሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. አዶቢ እርስ በርሳቸው እንዲጋጠሙ አደረጋቸው፦ አንዱን ፓነል በማውስ ይዞ ወደ ሌላው ጠርዝ ቢጎትቱት ቦታ ይለቀቅለታል፤ መኻሉ ላይ ቢጥሉት ከነባሩ ጋር ይደረባል። የተደራጀውንም «ወርክስፔስ» ብሎ በስም ማስቀመጥ ይቻላል። ከኔዘርላንድስ የተነሣውና በ2002 ምንጩ ለሕዝብ ነጻ የሆነው ብሌንደር የማይሸፋፈኑ መስኮቶችን ከዚያ በፊት ይዞ ነበር፤ ገንዘብ ስለማይጠየቅበትም ለተማሪ ይመቻል። አፕል ግን በ2011 ፋይናል ከት ፕሮን እንደ አዲስ ሲያወጣ ሁሉን በአንድ መስኮት ቆለፈው፤ ኤዲተሩ ገበታውን አደራጅቶ በስም እንዲያስቀምጥ የፈቀደለት በ2016 ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ ሥራውን ከመቁረጥ እስከ ቀለምና ድምፅ በየገጹ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ሥርዐቱ የጠራ ነው፣ ነጻነቱ ግን ያንሳል።

እንግዲህ ጉዳዩ ለደብረ ብርሃን ምን ይበጃል? የሰርግ ቪዲዮ፣ ማስታወቂያና ዘፈን በሚቀናበርበት ትንሽ ቤት አንዱን ኮምፒዩተር ሁለትና ሦስት እጅ ሊፈራረቅበት ይችላል። ጠዋት የተቀመጠው ያደራጀውን ከሰዓት የመጣው ያፈርሰዋል፤ ፓነል ጠፋ እየተባለም ጊዜ ይባክናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ገበታውን በራሱ ስም ያስቀምጥ፣ ሲቀመጥ ስሙን ይጥራ፣ የተበላሸ እንደሆነም ወደ ተቀመጠው ይመልሰው። የላፕቶፑ መስታወት ለጠበበው አፍተር ኢፌክትስ ለትንሽ መስታወት የተሰናዳ አቀማመጥ አለው። በፕሪሚየርም ሆነ በአፍተር ኢፌክትስ ማውሱን ፓነሉ ላይ አድርጎ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለውን ቁልፍ መጫን ፓነሉን መስታወቱን እንዲሞላ ያደርገዋል፤ ደግሞ ሲጫኑት ወደ ቦታው ይመለሳል።

በግዕዝ ፊደል ርእስ የሚሠራ ሰው የፊደል ፓነሉን ሁልጊዜ ክፍት ሊያደርገው ይገባል፤ የውጭው አቀናጅ ይህን አስቦ አላበጀለትም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የፊደል ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ጽሑፉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጥ እንደነበር የቀድሞዎቹ የኮምፒዩተር ጸሐፊዎች ያስታውሳሉ። ያ ችግር በአመዛኙ ቀርቷል። ሆኖም «ጸ»ና «ፀ» በሩቅ እንዲለዩ፣ ቃሉም እንዳይጣበብ፣ መጠኑንና በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት ደጋግሞ ማየት ግድ ነው።

መምህራንም ቢሆኑ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። «በቀኝ በኩል ያለችውን ሦስተኛ ምልክት ተጫኑ» ብሎ ማስተማር ተማሪውን ከአንድ አቀማመጥ ጋር ያስረዋል፤ መስኮቱ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል። የዕቃው ስምና ግብር ይነገረው። ይህ ሲባል ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ያፍርስ ማለት አይደለም፤ ከፋብሪካ የመጣው አቀማመጥ እጁ እስኪለምድ ይጠቅመዋል። መለወጥ ያለበት በሥራ መኻል እጁ ደጋግሞ ሩቅ የሚሄድበትን ነገር ሲያገኝ ነው፤ ድምፅ የሚያስተካክል ከሆነ የድምፅ መለኪያውን ወደ ጊዜ መስመሩ ያቅርብ፣ ቀለም የሚያርም ከሆነ የቀለሙን መለኪያ ከሥዕሉ ጎን ያድርግ፣ ለሁለቱም የተለያየ ስም ይስጣቸው።