ሰንሰለትና ጥንቸል

በብዙ አገር አእምሮው የታወከውን ሰው እንደ አውሬ ቈጥሮ በሰንሰለት ማሰር የቈየ ልማድ ነበር። ከዚህ ልማድ ተለይተው ድውዩን ፈትተው እንስሳን ጓደኛ ያደረጉለትን ሰዎች ታሪክ እነሆ ለአንባቢ እናቀርባለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ በነበረው የዕብዶች ቤት በ1790 ዓ.ም. ሐና ሚልስ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት ዐረፈች። ኩዌከር ከሚባለው ማኅበር ነበረችና የማኅበርዋ ሰዎች ሊጠይቁዋት ቢሄዱ ተከልክለው ነበር። ዊልያም ቱክ የሚባል የሻይና የቡና ነጋዴ በነገሩ ልቡ ስለ ተነካ፥ ወዳጆቹን አስተባብሮ በ1796 ዓ.ም. «መጠጊያ» የሚል ስም ያለው ቤት አስከፈተ።

በዚህ ቤት መግረፍና በሰንሰለት ማሰር ተከለከለ። አንድ ጊዜ ጉልበቱ የሚያስፈራ ሰው በብረት ታስሮ መጣ፤ እንደ ደረሰ ፈቱት፤ አስተዳዳሪዎቹ ራት ወደሚበሉበትም ክፍል አስገቡት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ድኖ ወጣ። ይህን የጻፈው የዊልያም የልጅ ልጅ ሳሙኤል ቱክ ነው። በ1813 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ድውያኑ በሚንሸራሸሩበት ግቢ ጥንቸሎች፥ ዶሮዎች፥ የባሕር ወፎችና ጭልፊቶች ከእነርሱ ጋር ተላምደው ይኖሩ እንደ ነበር ይተርካል። ይህም ለደስታ ብቻ ሳይሆን ያንቀላፋውን ርኅራኄ አንዳንድ ጊዜ ይቀሰቅስ እንደ ነበር ይገልጣል።

ምክንያቱን ብንመረምር እንዲህ ነው። ሁልጊዜ በሰው የሚጠበቅ ድውይ ጥንቸሏን ሲመግብ እርሱ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ጥንቸሏም የትናንት ነውሩን አታነሣበትም፤ ቢቈጣ ትሸሸዋለች፥ ቢራራ ትቀርበዋለች። ስለዚህ ያለ ዱላ ራሱን መግዛት ይማራል።

ከዚያም በ1859 ዓ.ም. ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ አስታማሚነት በጻፈችው መጽሐፍ፥ ትንሽ እንስሳ ሕመሙ ለረዘመበት ሰው መልካም ጓደኛ መሆኑን መሰከረች። ዛሬ በብዙ አገር የሠለጠኑ ውሾች ሕሙማንን ለመጐብኘት ወደ ሆስፒታል ይገባሉ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአልዓዛርን ቍስል ውሾች ይልሱለት እንደ ነበር በወንጌል እናነባለን፤ በአባታችን በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕልም አንበሶችና ነብሮች በሰላም ቆመው እናያለን። ሆኖም ዛሬም በሰንሰለት ታስረው ወደ ጠበላችን የሚመጡ ድውያን አሉ። የሚፈውስ እግዚአብሔር ነው፤ መፍታት ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው። በዮርክ አስቀድሞ ሰንሰለቱ ወደቀ፥ ጥንቸሏም ከዚያ በኋላ መጣች፤ የታሰረ እጅ ምንም ሊያቅፍ አይችልምና።