ካቢብ ወይስ ጆንስ? ለኤምኤምኤ ተከራካሪዎች የሚሆን ስንቅ

የካቢብን ወይም የንጋኑን ቪዲዮ ስልኩ ላይ አይቶ የማያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ክርክሩም ያው ነው፦ "የምንጊዜም ምርጡ ማነው?" ዛሬ መረጃውን ይዘን መጥተናል፤ የኛንም ወገን አንደብቅም።

ለጀማሪ በአጭሩ፦ ኤምኤምኤ ቦክስን፣ እርግጫን፣ ትግልንና መሬት ላይ ማነቅና መጠምዘዝን አንድ ላይ ያመጣ ፍልሚያ ነው። ዙሩ 5 ደቂቃ ነው፤ መደበኛው 3 ዙር፣ የቀበቶ ግጥሚያ 5 ዙር። ዩኤፍሲ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1993 አሜሪካ ዴንቨር ላይ፣ የኪሎ ምድብ በሌለበት ነበር። 80 ኪሎ ገደማ የነበረው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ በአንድ ምሽት 3 ሰው አሸነፈና ጉልበት ብቻውን እንደማይበቃ ዓለም አየ።

ወደ ክርክሩ። ካቢብ 29 ተጋጥሞ 29 አሸንፎ በ2020 ጓንቱን ሰቀለ። ግን ቀበቶውን ያስከበረው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ጆን ጆንስ በ2011 በ23 ዓመቱ ቻምፒዮን ሆነ፤ በመዝገቡ ያለው አንድ ሽንፈትም እያሸነፈ ሳለ ሕግ ጥሶ ከውድድር የተባረረበት ነው። ይሁንና በ2017 ያገኘው ድል በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ምክንያት ተሰርዟል። ዲሜትሪየስ ጆንሰን ቀበቶውን 11 ጊዜ በተከታታይ አስከብሯል፤ ትንሽ ኪሎ ስለሆነ ብቻ ስሙን የሚያነሳው የለም፣ ያሳዝናል። እኛ ግን የካናዳውን ጆርጅ ሴንት ፒየርን እንመርጣለን። ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሁለቱንም ተመልሶ አሸነፋቸው። ከ4 ዓመት ዕረፍት በኋላም በ2017 ከፍ ባለ ኪሎ ሌላ ቀበቶ ወሰደ።

አፍሪካስ? ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳንያ በ2019፣ ፍራንሲስ ንጋኑ በ2021 ቻምፒዮን ሆነዋል። ንጋኑ በልጅነቱ ካሜሩን ውስጥ አሸዋ ሲያወጣ ያደገ ልጅ ነው። ግን ሦስቱም ተሠርተው የወጡት አሜሪካ፣ ኒውዚላንድና ፈረንሳይ ሄደው ነው። እዚሁ አህጉር እየኖረ፣ ፕሪቶሪያ እየሠለጠነ በ2024 ቀበቶ የወሰደው ደቡብ አፍሪካዊው ድሪኩስ ዱ ፕሌሲ ነው። በ2025 ደግሞ ፒኤፍኤል የተባለው ድርጅት የአፍሪካ ሊግ ከፍቶ ኬፕ ታውንና ኪጋሊ ላይ አወዳድሯል። ኪጋሊ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደኛ ሰፈር። ሰኔ 2015 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ኬን ቬላስኬዝ ከፋብሪሲዮ ወርዱም ጋር ተጋጠመ። ቬላስኬዝ በትንፋሹ የሚፈራ ከባድ ሚዛን ነበር። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ትላለች። ወርዱም ቀደም ብሎ ከፍታ ላይ ሄዶ ሲዘጋጅ ከረመ፤ ቬላስኬዝ ዘግይቶ ደረሰ። ገና በሁለተኛው ዙር አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ጀመር፣ በሦስተኛው ታንቆ እጅ ሰጠ። አየር ሲሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል፣ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ቬላስኬዝን ያሸነፈው አየር እኛ ዳገት እየወጣን የምናወራበት አየር ነው።

ቢሆንም ትንፋሽ ብቻ ይዞ ማንም አልነገሠም። ካቢብ የመጣበት ዳግስታን ተራራማ ነው፤ ልጆቹን ያወጣቸው ግን ከሕፃንነት የሚጀምረው ትግል ነው። ትግል እኛም ጋ አለ፤ ከአገራችን ባህላዊ ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ከገናና ከፈረስ ጉግስ ጋር ውድድር ይደረግበታል። በቴኳንዶም ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ድረስ ሄዷል። የሚጎድለው ምንጣፍና መሬት ላይ መታገልን የሚያውቅ አሠልጣኝ ነው።

ስለዚህ ለመሞከር ያሰባችሁ፣ በቦክስ፣ በቴኳንዶ ወይም በትግል ጀምሩ፤ ከአሠልጣኝ ጋር። ማነቅን ከቪዲዮ አይታችሁ ጓደኛ ላይ አትሞክሩ፤ በደንብ የተያዘ አንገት በ10 ሰከንድ ገደማ ራስን ያስታል። ጓደኛችሁ በእጁ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ልቀቁት፣ ቀልድ የለም። ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁም ውኃ አትከልክሉ። ቻይናዊው ያንግ ጂያን ቢንግ በታኅሣሥ 2015 (እ.ኤ.አ.) ማኒላ ላይ ለግጥሚያ ኪሎ ሲቀንስ ነው በ21 ዓመቱ የሞተው። ከዚያ በኋላ አወዳዳሪው ዋን ቻምፒዮንሺፕ ውኃ በማጣት ኪሎ መቀነስን ከልክሎ የሽንት ምርመራ ጀመረ።