ከገደል በታች የወረዱት

የጭላዳን ልማድ ለማየት ከደባርቅ ወጣ ብሎ የስሜንን ገደል አፋፍ ይዞ መሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ የዋለው መንጋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአፋፉ ላይ ይሰወራል። የት ገባ ሲባል፣ ቁልቁል ወርዶ በገደሉ እርከን ላይ ተለጥፎ ያድራል። ጅብ የማይደርስበት እዚያ ነውና። ሌላው ዝንጀሮ ሲፈራ ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ጭላዳ ግን ወደ ታች ይወርዳል።

ስሜን ራሱ ለመውረድ የተመቸ አገር ነው። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ድርብ በድርብ ተነባብሮ ተራራ ሆነ። በጠንካራዎቹ ድርቦች መካከል ያለውን ለስላሳውን ዝናብና ንፋስ እየበሉት ሄዱ፤ ጥላና ዋሻም ከዚያ ተፈለፈለ። ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት መንገደኛ አያየውም።

የውጭ ደራስያን ከመሬት በታች ስለሚኖሩ ሕዝቦች ብዙ ጽፈዋል። ኤች ጂ ዌልስ በ1887 ዓ.ም. ባሳተመው የጊዜ መኪና በተሰኘው ልብ ወለዱ፣ በሩቅ ዘመን ሰው ለሁለት ተከፍሎ፣ ታች የቀረው ወገን ብርሃን የሚሸሽ፣ ሌሊት እየወጣ ላይኛውን የሚበላ አውሬ ሆኖ እናገኘዋለን። ከእርሱ በኋላ ስለ ዓለም ጥፋት የተጻፉ ብዙ ልብ ወለዶችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በእነርሱ ዘንድ አደጋው ከታች ይመጣል። የእኛ አገር ታሪክ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። እኛ ዘንድ ወደ ታች የወረደው ጎረቤት ነው፤ አደጋው የመጣው ከላይ ነው።

ከግራኝ ዘመን እንጀምር። በ1521 ዓ.ም. ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ መንግሥቱ ፈረሰ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ንጉሡ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ ሞተ። በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ለርዳታ የመጣው የፖርቱጋል ጦር ወፍላ ላይ ተሸነፈ፤ መሪው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የተረፉት ወታደሮች የተጠጉት የት ነው? በስሜን፣ ፖርቱጋሎች የአይሁድ ተራራ ብለው በጻፉት፣ በቤተ እስራኤል አምባ ላይ ነው። ቀደም ሲል የአምባውን መንገድ ለዳ ጋማ ያሳየውም ከዚያው ወገን የሆነ ሰው ነበረ። ወጣቱ ንጉሥ ገላውዴዎስ ከእናቱ ጋር የተገናኘው እዚያ ነው። በ1535 ዓ.ም. የካቲት ወር ወይና ደጋ ላይ ግራኝን የጣለው ጦር ከዚህ መጠጊያ የወረደ ነው።

ውለታው ግን አርባ ዓመት እንኳ አልቆየም። የገላውዴዎስ የወንድም ልጅ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ ዓ.ም. መድፍ አስይዞ በዚያው በስሜን ቤተ እስራኤል ላይ ዘመተ። የራሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ የወገኑን ድል ሲያወድስ፣ ዝም ብሎ ያላለፈው አንድ ነገር አለ። ከማራኪዋ እጅ ጋር የታሰረች አንዲት ምርኮኛ ገደል አፋፍ ሲደርሱ «አዶናይ እርዳኝ» ብላ ራሷን ወረወረች፤ የያዛትንም ሰው ይዛው ወረደች። ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። አንዱን ወገን ያተረፈ ገደል ለሌላው የመጨረሻ መውጫ ሆነ።

ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከስሜን በስተደቡብ ርቆ በሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ ከዚህ የከፋው ሆነ። የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮች ቤተሰቦች፣ ቁስለኞችና ሽማግሌዎች እህላቸውን ይዘው ዘረት በተባለ ስፍራ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ገቡ። የጣሊያን ጦር ከበባቸው። ዋሻው ለጠመንጃ አልበገር ሲል፣ ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመ። ጣሊያን ራሷ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ በፈረመችው ስምምነት የተከለከለ መርዝ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጎድጓዳ ስፍራ ይተኛል። ለዘመናት ሰው ያተረፈው ጥልቀት ያን ዕለት መርዙን አጠራቀመ። ሚያዝያ 1 ቀን የትንሣኤ በዓል ነበረ። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩት ተረሸኑ። ጥቂቶች በሌሊት ሾልከው አመለጡ።

ይህን ያደረገው ጦር የዋሻውን ትምህርት በራሱ ላይ ለማየት ብዙ አልቆየም። በ1933 ዓ.ም. ከደባርቅ አጠገብ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ወልከፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ፣ ከሰማይ እየተደበደበና እየተራበ ወራት አሳለፈ፤ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እነርሱ የተማረኩት በሕይወት ነው።

ሰማዩ ግን ከዚያ በኋላም አልጠራም። በደርግ ዘመን ከተከዜ ማዶ፣ በትግራይ፣ አውሮፕላን የፈራ ሕዝብ ቀን ዋሻና ጥላ ውስጥ እየዋለ ሌሊት ያርስና ይገበያይ ጀመር። የዋሻ ውስጥ ሐኪም ቤት ተቋቋመ። በቀን የወጣው ምን እንደሚገጥመው ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ታየ።

አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ከታች ላሉት ሁልጊዜ ስም ያወጣላቸው ከላይ የቆመው ነው። ቤተ እስራኤልን «ፈላሻ»፣ ማለትም አገር የሌለው ፍልሰተኛ አላቸው። አርበኛውን ሽፍታ፣ የትግራዩን ታጋይ ወንበዴ አሉት። ስሙ ከተሰጠ በኋላ ዋሻው ውስጥ ያለው ሰው መሆኑ ይረሳል፤ መርዙንም፣ ቦምቡንም መልቀቅ ይቀላል። የልብ ወለዱ አውሬ የሚወለደው ከመሬት በታች ሳይሆን በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ነው።

የዘረት ዋሻ በአካባቢው ሰው አፍ «አመፀኛ ዋሻ» ይባላል። በ1998 ዓ.ም. ታሪክ ጸሐፊው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን አገኘው፤ ከእርሱም በኋላ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ዮናታን ሳህለ ከባልደረባቸው ጋር አጥንተው ውጤቱን በ2003 ዓ.ም. አሳተሙ። ከሰባ ዓመት በኋላ ውስጡ የተገኘው ምን ነበረ? የሰው አጥንትና የጥይት ቀለሃ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን የማንኛችንም ጓዳ ነው፤ የሸክላ ዕቃ፣ ስፌት፣ እህል።