ከሕፃናት ክንድ እስከ መድኃኒት ቤት ፍሪጅ

ወዳጆቼ፣ የክትባት ታሪክ ሲነሳ ሁላችንም ኤድዋርድ ጄነርን እንጠራለን። በ1796 እ.ኤ.አ. የፈንጣጣ ክትባትን ሞክሮ አሳየ፤ እናጨበጭብና እናልፋለን። ዋናው ጭንቅ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፦ ሳይበላሽ እንዴት ይቀመጥ?

በ1803 እ.ኤ.አ. ስፔን ክትባቱን ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ስትልክ ማስቀመጫው ምን ነበር መሰላችሁ? 22 ወላጅ አልባ ሕፃናት! ሐኪሙ ባልሚስ መርከብ ላይ ሁለቱን ይከትባል፤ ከዘጠኝ አሥር ቀን በኋላ ከቁስላቸው ፈሳሽ ወስዶ ለተከታዮቹ ሁለት ይሰጣል። ውቅያኖሱን እንዲህ ተሻገረ። ልጆቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሌስሊ ኮሊየር ክትባቱን በቅዝቃዜ አድርቆ ዱቄት የማድረጉን ዘዴ አሻሻለ። ዱቄቱ ሙቀት ቻለ። እኛም ጋ በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር፣ መብራትም መኪናም ወደማያውቀው ቀበሌ በእግርና በበቅሎ የገባው ይኸው ዱቄት ነው። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም ባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ።

የዛሬዎቹ ክትባቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ቻይ አይደሉም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶም ይገድላቸዋል፤ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አንዴ ከረጋ አበቃለት። ክፋቱ ደግሞ የሞተ ክትባት ብዙ ጊዜ በዓይን አይለይም። ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ መከላከያው ግን የለም። እናት በምን ታውቃለች?

ለዚህ ነው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ፣ ያቺ ትንሽ ምልክት የተለጠፈችው። ውስጧ ያለው አራት ማዕዘን ጠቁሮ ከዙሪያው ክብ ጋር ከተመሳሰለ ክትባቱ አይሰጥም። ስለ በረዶ ግን ምንም አትነግራችሁም፤ እሱን ቴርሞሜትሩ ነው የሚነግራችሁ።

መድኃኒት ቤት የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የሙቀት መዝገቡን ጠዋትና ማታ የምትሞሉት ለተቆጣጣሪ ብላችሁ አይሁን። ክትባት ፍሪጅ በር ላይ አይቀመጥ፤ ምሳችሁም አብሮት አይግባ። የተበላሸውን ደግሞ ከደህናው ለይታችሁ፣ "አይሰጥም" ብላችሁ ጽፋችሁ፣ መዝግባችሁ በደንቡ ለሚያቃጥለው ክፍል አስረክቡ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተጣለ ብልቃጥ ሕፃን እጅ ይገባል፤ መደርደሪያ ላይ የተረሳው ደግሞ አንድ ቀን ተሳስቶ ይሰጣል።

ያን ጊዜ ክትባቱን የያዙት ሕፃናት ነበሩ፤ ዛሬ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።