ከደጀ ሰላም እስከ ጎዳና፤ የአሰላ መንገዶችና አካል ጉዳተኞች

አሰላ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ እግር ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአሩሲ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የአርሲ ዞን መቀመጫ ናት። ይህ አገር በዓለም የታወቀው በእግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከበቆጂ ወገን ወጥተዋልና። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ግን ስለ ሯጮቹ አይደለም። እግሩ ያልታዘዘለት ወይም ዐይኑ የማያይለት ሰው በዚሁ አገር ጎዳና እንዴት እንደሚሄድ፣ መንገዱስ ስለ ምን እንዲህ ሆኖ እንደ ተሠራ ለመረዳት ነው።

አስቀድሞ የመሬቱን ጠባይ መመልከት ይገባል። ከአዳማ ተነሥቶ በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የተራራውን ጎን ይዞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል። ይህን የሚያቋርጡት መንገዶች ግን ወይ ወደ ጭላሎ ይወጣሉ፣ ወይ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳሉ። ስለዚህ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከተማይቱን በቁመቷ ሊሄድባት ቢችል እንኳ በወርዷ ግን አትመቸውም። በዚህ ላይ ከተራራው የሚወርደው የክረምት ውሃ መንገዱን እንዳያፈርሰው በጎኑ ቦይ ይቆፈርለታል። ቦዩ ለመኪናው መንገድ ደኅንነት ነው፤ ለእግረኛው ግን በመንገዱና በየደጁ መካከል የተጋረደ ገደል ነው። ሰው በድንጋይ ጠፍጣፋ ወይም በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ድልድይ ሠርቶ ይሻገረዋል። ዐይናማው በአንድ እርምጃ ሲያልፈው፣ ዐይነ ስውሩ በዘንጉ ጫፍ ሲፈልገው ይቆያል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ብንጨምር አንባቢን አናሰለችም ብለን እናምናለን። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ተዳፋት በብዙ አገር ደንብ ከ1 ለ12 መብለጥ የለበትም። ይህም ማለት ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የመንገድ ጠርዝ 1 ሜትር ከ80፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የሱቅ ደረጃ ደግሞ 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ያለው ተዳፋት ያስፈልጋል ማለት ነው። በሩ ወዲያው በቦይ ላይ የሚከፈት ቤት ይህን ያህል ቦታ ከወዴት ያመጣል?

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በተራራው ላይ መጫን የታሪክ ፍርድ አይሆንም። በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት እያንዳንዱ ዘመን አካል ጉዳተኛው የት መገኘት እንዳለበት አስቀድሞ መወሰኑ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ስፍራው ደጀ ሰላም ነበር፤ ምጽዋቱ ወደ ተቀመጠበት ይመጣለታል። በእስላሙም ዘንድ ዘካና ሰደቃ ነበሩ፤ ኦሮሞው ደግሞ ሀብቱን ያጣውን ወገን መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የተባለ ሥርዓት ነበረው። ይህን የምንጠቅሰው ለማቃለል አይደለም፤ መንግሥት ባልደረሰበት ዘመን ብዙ ነፍስ ያዳነ ልማድ ነውና። ሆኖም ርዳታው ወደ ሰውየው ስለሚሄድ ሰውየው ወደ ርዳታው የሚሄድበት መንገድ አላሳሰበም። መሄድ ግድ ሲሆንም ዐይነ ስውሩን በዘንግ የሚመራ ልጅ ነበረ። ያ ልጅ ሲመራ በዋለበት ቀን ትምህርት ቤት አይውልም። የመንገዱ ጉድለት በዚህ ዐይነት ሁለት ሰው ያስር እንደ ነበር ልብ ይሏል።

መንግሥት በበኩሉ በ1971 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት አቆመ። ትእዛዙ አካል ጉዳተኛ ያለው በጤናው ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ለማግኘት የማይችለውንና ረዳት የሌለውን ሰው ነበር፤ በዕድሜው ማነስ ወይም በእርጅናው ምክንያት መሥራት ያልቻለውንም እዚያው ውስጥ ጨምሯል። መለኪያው እንጀራ እንጂ እንቅስቃሴ አልነበረም። ደጀ ሰላሙ በመጠለያ ተተካ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

መንገዱ ራሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ አገርን ከአገር ማገናኘት ነበር። በ1967 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተመሠረተ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም ለገበሬው ደረሰ። (ትራክተሩ ስንቱን ጭሰኛ ከመሬቱ እንዳስነሣ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነገር ነው።) መንገድ ማለት ስንዴና ገብስ የጫነ መኪና የሚያልፍበት ማለት ሆነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በጃፓን አገር በኦካያማ ከተማ፣ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ሴይቺ ሚያኬ የፈለሰፈው በእግር የሚዳሰስ ንጣፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። አሰላና ኦካያማ በአንድ ዓመት መንገድ አሰቡ፤ አንደኛዋ ለእህሉ፣ ሁለተኛዋ ለዘንጉ። ይህን ያልነው ለነቀፋ አይደለም፤ ረኀብተኛ አገር እህሉን ማስቀደሙ የሚያስገርም አይደለምና። ደግሞም በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄድ የነበረው አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ለሁሉም የሚሆን ንድፍ፣ ማለት ዩኒቨርሳል ዲዛይን፣ የሚለውን ስም በጽሑፍ ያወጣው በ1985 ነው።

በዚህ መካከል የተማረ አካል ጉዳተኛ ተነሣ። በሻሸመኔ የካቶሊክ ሚሲዮን የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማሩት አንዷ የትነበርሽ ንጉሤ ናት፤ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጥታ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ በ2017 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ከትምህርት ቤት የሚወጣ ሰው ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሥራ መሄድ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ምጽዋትም መጠለያም አይበቃውም።

ሕጉ ይህን የተቀበለው በሁለት እርምጃ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና ደረጃ መውጣት ለማይችሉት መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። አዋጁ 10,000 ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች የሚሠራ ነበርና በ1999ኙ ቆጠራ ከ67,000 በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት አሰላ በእርግጥ ትገባበት ነበር። ነገር ግን ሕንፃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። በዓመቱ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን በ9ኛው አንቀጽ ሕንፃንና መንገድን፣ መጓጓዣንም ጭምር አንድ ላይ ጠራ። ከበሩ የተሠራ መወጣጫ ቦይ ላይ ቢያበቃ ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ የሕግ ጥያቄ ሆኗል።

ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በብዙ ከተሞቻችን የተነጠፈው ኮብልስቶን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጭቃውን አስቀርቷል፤ በእጅ የሚጠረብ ስለ ሆነ ለብዙ ወጣት ሥራ ሰጥቷል። በአርሲ የክረምት ጭቃ ውስጥ የሄደ ሰው ውለታውን አይክድም። ሆኖም በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት የተሽከርካሪ ወንበሩን ትንንሾቹን የፊት ጎማዎች ይይዛል፤ የምርኩዙም ጫፍ ይሸሸግበታል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያንሸራትታል። በመካከሉ ለስላሳ ንጣፍ ያለው አንድ ጠባብ መስመር ቢተውለት ችግሩ ይቀል ነበር።

ድኻ አገር ይህን አይችልም የሚሉ አሉ። ጠርዙ ሲሠራ ዝቅ ማድረግና ከተሠራ በኋላ አፍርሶ ዝቅ ማድረግ ግን ወጪያቸው አንድ አይደለም። ደግሞስ ተዳፋቱን የሚፈልገው አካል ጉዳተኛው ብቻ ነውን? በእጅ ጋሪ ሲሚንቶ የሚገፋው ወጣት፣ ከሐኪም ቤት ተደግፎ የሚመለሰው በሽተኛ፣ ልጅ አዝላ ሸክሟን የያዘችው እናት ሁሉ በዚያው ጠርዝ ይቸገራሉ።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ክልል ከተሞችም የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ በአዲስ አበባ በእግር የሚዳሰሰው ንጣፍም ታይቷል። ንጣፉ ግን የሚጠቅመው ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር ሲዘልቅ ነው፤ በመካከሉ ምሰሶ ወይም ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ ካለበት ዐይነ ስውሩን ወደ አደጋው ይመራዋል። ይህን ማን ይቈጣጠራል? የ2001ዱ አዋጅ ለሕንፃው የሕንፃ ሹም አቁሞለት ነበር፤ ሹሙ ፕላኑን አይቶ ካልፈቀደ አይሠራም። ከሕንፃው በር ወዲያ ላለው መንገድ ግን አዋጁ ሹም አልሰየመም።