ደብረ ሊባኖስ የደረሰው የቡድሃ ታሪክ

ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ጎጃም የሚያቀናው መንገድ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፎ ደብረ ሊባኖስ ገዳም መገንጠያ ያደርሳል። እኔ እዚሁ ሱሉልታ መንገድ ዳር ተወልጄ ያደግሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ግንቦት 12፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ሲደርስ፣ ነጠላ ያጣፉ ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ከሌሊት ጀምሮ በደጃችን ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ በስሪላንካና በታይላንድ ቡድሂስቶች ቬሳክን ያከብራሉ። ሁለቱን በዓላት አብሬ የማነሳቸው በምክንያት ነው፤ ደብረ ሊባኖስን ያስተዳደረ አንድ ሊቅ የቡድሃን ታሪክ በግዕዝ አስነብቦናል።

ታሪኩ የታወቀ ነው። ልዑል ሲድሃርታ በድሎት ካደገበት ቤተ መንግሥት ወጥቶ ሽማግሌ፣ ሕመምተኛና አስከሬን አየ፤ ከዚያም ዙፋኑን ትቶ መነነ። ይህ ታሪክ ከሕንድ በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ ገባ። ጆርጂያውያን ከዐረብኛ ወስደው የክርስቲያን ገድል አደረጉት፤ በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ ኤውቲሚዮስ የተባለ ጆርጂያዊ መነኩሴ በአቶስ ተራራ ወደ ግሪክኛ መለሰው። ከግሪክኛው ደግሞ ዐረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ተረጎሙት። እንዲህ ሲዞር ልዑሉ ይዋስፍ ተባለ፤ የከበረ ዕንቁ የያዘ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ወንጌልን ያስተማረው መነኩሴ ደግሞ በረላም።

ወደ ግዕዝ የመለሰው እጨጌ ዕንባቆም ነው። የመን ውስጥ ሙስሊም ሆኖ ተወልዶ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ክርስትናን የተቀበለ፣ በኋላም በተክለ ሃይማኖት ወንበር የተቀመጠ ሰው ነበር። በ1520ዎቹ ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። ዕንባቆም ስለ ክርስትና እምነቱ የሚሟገተውን «አንቀጸ አሚን» የተባለ መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፈ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እ.ኤ.አ. «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ተረጎመ። አገር ከአመድ ላይ በምትነሳበት ሰዓት ብራና ዘርግቶ መቀመጡን ሳስብ ልቤ ይሞላል። የአውሮፓ ሊቃውንት ይዋስፍ ቡድሃ መሆኑን የለዩት ከ300 ዓመት በኋላ፣ በ1859 እና በ1860 እ.ኤ.አ. ነው።

በቬሳክ የቡድሃ ልደት፣ ብርሃን ማግኘቱና ሞቱ በአንድ ላይ ይታሰባሉ። ስሪላንካውያን ነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ቤተ መቅደስ ይገባሉ። ከቀርከሃና ከወረቀት ፋኖስ ሠርተው በየደጁ ይሰቅላሉ፤ ሥጋና አልኮል መሸጥም ይከለከላል። ከሁሉ የሚማርከኝ ዳንሳል የሚሉት ነው። የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ፣ መንገድ ዳር ዳስ ጥሎ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ምግብና መጠጥ በነጻ ያቀርባል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰፈራችን በየወሩ በ24 የተክለ ሃይማኖት ማኅበር አለ። ተራው የእናቴ ሲሆን ጠላው አስቀድሞ ይጠነሰሳል፤ ድፎው በኮባ ተሸፍኖ ይጋገራል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይቆርሳሉ፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። እናቴ በር ዘግታ ማኅበር አውጥታ አታውቅም። ወተት አመላላሹም፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ከዳቦውና ከቆሎው ሳይቀምሱ አያልፉም።

ዛሬ ሱሉልታ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየሞላች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ጎረቤት እየሆነ ነው። ተማሪዎቼ የዕንባቆምን ስም እንዲያውቁ የምጥረው ለዚህ ነው። ደብረ ሊባኖስ ከየመን የመጣውን ሰው ከደጁ መልሶት ቢሆን ኖሮ፣ ከሕንድ የተነሳው ታሪክ በእሱ እጅ ግዕዝ ባልሆነ ነበር። እንግዳን የተቀበለ ማኅበር ከሚያጎርሰው በላይ ሊያተርፍ እንደሚችል ገዳሙ ራሱ ምስክር ነው።