ፎርጅ፦ የኮድ ቀጥቃጭ ቤት

«ፎርጅ» ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን «ፎርጅድ» ነው፤ ፎርጅድ መታወቂያ፣ ፎርጅድ ዲግሪ። የእንግሊዝኛው ግንድ አንድ ነው፦ ብረትን በእሳት አለስልሶ በመዶሻ ቅርጽ ማስያዝ። አስመስሎ መሥራት የሚለው ትርጉም ከዚያ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው። የሶፍትዌር ሰዎች ግን ቃሉን ከግንዱ ወስደው ለሥራ ቦታቸው ስም አድርገውታል። ብዙ ሰዎች አንድን ፕሮግራም በጋራ የሚጽፉበት፣ ስህተት የሚያስመዘግቡበት፣ አንዱ የሌላውን ኮድ የሚያይበትና የሚያርምበት ድረ ገጽ ፎርጅ ይባላል። ስሙን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ሶርስፎርጅ ነው። የዛሬው ትልቁ ደግሞ በ2008 ሥራ የጀመረው ጊትሃብ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

በአማርኛ «የኮድ ማከማቻ» ስንል ቆይተናል። ይህ ስም ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ማከማቻ ዕቃ አስገብተው፣ ቆልፈው የሚሄዱበት ቤት ነው። ግድግዳው ሌላ ቀለም ቢቀባ፣ በሩ በጓሮ በኩል ቢዞር ለዕቃው ምኑም አይደለም። ቀጥቃጭ ቤት ግን ሰው ሲሠራ የሚውልበት ነው። ቀጥቃጩ ዓይኑን ከጋለው ብረት ሳይነቅል ቀኝ እጁን ሲዘረጋ መዶሻው እዚያው አለ፤ ግራው ጉጠቱን ያውቀዋል። ብረቱ ሳይቀዘቅዝ መመታት አለበትና መሣሪያ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም። ሌሊት አንድ ሰው ገብቶ፣ ቤቱን ላሳምር ብሎ፣ መሣሪያውን ሁሉ በአዲስ መደርደሪያ ላይ ቢደረድርለት ጠዋት ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

የኦፕን ሶርስ ሰዎች፣ ማለትም ኮዳቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገው የሚጽፉት፣ ድረ ገጻቸው በተቀየረ ቁጥር የሚቆጡት ለዚህ ነው። በሰኔ 2020 ጊትሃብ የፕሮጀክቶችን ገጽ እንደገና ሲነድፍ ከላይ የነበረው የፕሮጀክቱ መግለጫ ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄደ፤ ባለ አራት ማዕዘን የነበሩት የሰዎች ምስሎች ክብ ሆኑ። ለውጭ ሰው ኢምንት ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ ያንን ገጽ ለሚከፍት ሰው ግን ዓይን የለመደው ቦታ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። የድሮውን መልክ የሚመልሱ የብራውዘር ማከያዎችን ጽፈው ያሰራጩም ነበሩ፤ የተወሰደባቸውን መልሶ ለመሥራት የራሳቸውን ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። በ2023 ደግሞ የሚከተሏቸውን ሰዎች ሥራ ብቻ የሚያሳየው ዝርዝር ድረ ገጹ ራሱ ከሚመርጥላቸው ጋር ሲቀላቀል ቁጣው ተመልሶ መጣ።

በእኔም ደርሷል። የምሠራበት አንድ ፎርጅ የኮድ ማሳያውን ቀየረና ረጅም ፋይል ስከፍት ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ያህል ብቻ ያቀርብ፣ ወደ ታች ስወርድ ቀሪውን ያመጣ ጀመር። ያንን ገና አላወቅሁም ነበር። ኮንትሮል ኤፍ ተጭኜ የአንድ ፈንክሽን ስም ጻፍኩ። ብራውዘሩ «ምንም አልተገኘም» አለኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፋይሉም ያው ነው። የተሳሳተ ብራንች (የኮዱን ሌላ ቅርንጫፍ) የከፈትኩ መስሎኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰው የሰረዘው መስሎኝ፣ የኮሚቶቹን (የተመዘገቡትን ለውጦች) ታሪክ ግማሽ ሰዓት ስበረብር ቆየሁ። ፈንክሽኑ ከመስመር 900 በታች እንዳለ ነበር። አዲሱ ገጽ በዚያ ላይ ይከብዳል፤ የገዛው የሞባይል ዳታ እንዳያልቅበት እየቆጠበ ለሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ክብደቱ በብር የሚመነዘር ነው።

ታዲያ የተቆጡት ሰዎች ለምን ጥለው አይሄዱም? ኮዱማ ይሄዳል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጻፈው ጊት፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ የተሠራው እያንዳንዱ ሰው የኮዱን ሙሉ ታሪክ በራሱ ኮምፒዩተር እንዲይዝ ሆኖ ነው። በቀላሉ የማይጓዘው ሌላው ነው፦ ለዓመታት የተመዘገበው የስህተት ሪፖርት፣ በየፑል ሪኩዌስቱ (ለውጤን ተቀበሉኝ በሚለው ጥያቄ) ሥር የተደረገው ክርክር፣ «ይህን መስመር ለምን እንዲህ አደረግነው» የሚለው መልስ። ይህ ሁሉ የድረ ገጹ ባለቤት ቤት ውስጥ ነው። አብዛኞቹ በነፃ ስለሚጠቀሙም እንደ ደንበኛ የሚሟገቱበት ውል የላቸውም። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ቤቱ ዋጋ ያገኘው በእነዚሁ ሰዎች ያልተከፈለ ጉልበት መሆኑ ነው። በ2016 መጀመሪያ የብዙ ታዋቂ ፕሮጀክቶች መሪዎች ለጊትሃብ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ካስመረሯቸው ነገሮች አንዱ ሰው ሁሉ ለድጋፍ የሚጽፈው ባዶ «+1» ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በምስል ምልክት ድጋፍ መግለጫ ተጨመረ። የጠየቁት ይህን ነበር፤ ክብ ምስል የጠየቀ አልነበረም።

ወደ ቃሉ ልመለስ። «ወርክሾፕ» እንበለው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ወርክሾፕ በእኛ አገር የአዳራሽ ሥልጠና ሆኗል። «ቀጥቃጭ» ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ቃሉ ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ስድቡ ሥር ስለሰደደ ነው። እኔ ግን ቃሉን መሸሽ ስድቡን ማጽደቅ ይመስለኛል። ሌሎችም አልሸሹትም። በ2022 መጨረሻ ጊቲ ከተባለው የፎርጅ ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣው ፎርጄዮ ስሙን የወሰደው ከኤስፔራንቶ ነው፤ ትርጉሙ ያለ ምንም ማሻሻያ «ቀጥቃጭ ቤት» ነው። ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊተክለው ይችላል። መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ኮድበርግ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበርም የሚሠራው በእሱ ነው፤ አባላቱ በጉባኤ ድምፅ ይሰጣሉ።

እንግዲህ አንድ ወዳጅዎ «ፕሮጀክታችንን ወደ ሌላ ቀጥቃጭ ቤት አዛወርን» ካለዎት፣ ኮዱን ለማጓጓዝ አምስት ደቂቃ፣ የተመዘገቡትን ስህተቶችና ክርክሮች ለማጓጓዝ ደግሞ ምናልባት ወራት ፈጅቶበታል ማለት ነው።